ቡናው የተሸጠው በነሐሴ ነው

ጥያቄ፦ አባቴ ገደብ አካባቢ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የቡና ማሳ አለው። በየዓመቱ እሸቱን የሚያስረክበው ለአንድ ሰብሳቢ ነው። ሰውየው በክረምት ብር ያበድረዋል፤ ቡናው ሲደርስ ዋጋ ቆራጩም እሱ ነው። እኔ ዲላ እማራለሁ። ቡና በውጭ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ መሸጡን ሳነብ ደሜ ፈላ። «አድርቀን በጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ፣ እንሽጥ» ብለው «አርፈህ ተማር» አለኝ። «የኅብረት ሥራ ማኅበር እንግባ» ስለው ደግሞ «ማኅበር ብር ያዘገያል» ይላል። ማናችን ነን ልክ?
የገደብ ልጅ፣ ከዲላ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ስድስት የቡና ወቅት እሸት መረከቢያ ላይ ሚዛን ይዤ ሠርቻለሁ። አንተንም አባትህንም የማውቃችሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

መጀመሪያ ያንን 4 ዶላር እንፍታው። እውነት ነው፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ ከዚያ አልፎ ነበር። ግን ያ ተፈልፍሎና ተበጥሮ የተዘጋጀ ጥሬ ቡና ዋጋ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በእሸት ስታስበው 2.7 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ የማጠቢያው ወጪ አለ፣ እስከ አዲስ አበባ ጭነት አለ፣ ማበጠሪያው፣ የላኪው የባንክ ወለድ፣ የጅቡቲ መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ተቀንሶም አባትህ እጅ መግባት ሲገባው የሚቀር ብር አለ። ንዴትህ ልክ ነው። የሚቀርበትን ቦታ ግን እንየው።

አንድ የማልረሳው ማታ አለ። ኅዳር ነው። ሁለት ገበሬዎች ተከታትለው መጡ። እሸታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ ከአንድ ኮረብታ የተለቀመ። አንዱ የቀኑን ዋጋ ጠየቀ። አልተስማማውም፤ ጆንያውን መልሶ አህያው ላይ ጫነና ሄደ። ሌላው ዋጋ አልጠየቀም። ጆንያውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ወደ ደብተሬ ጎንበስ ብሎ «ስንት ቀረብኝ?» አለ። ያ ቀን ለሱ የዕዳ መክፈያ ቀን ነበር። ቡናውን የሸጠው በነሐሴ ነው፤ ጓዳው ሲጎድል፣ ልጆቹ ደብተር ሲፈልጉ፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ።

የአባትህም ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ «እሸት ወይስ ጀንፈል?» ከሚለው በፊት የክረምቱን ብር አንሱት። ቁጭ ብለህ ጠይቀው፦ አምና ስንት ተበደረ? በምን በምን ወጣ? ወረቀት ላይ ጻፈው። እኔ እንዳየሁት ከሆነ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከሚፈራው ያንሳል። ከዚያ ዘንድሮ ቡናው ሲሸጥ፣ ከብሩ ላይ የዚያን ግማሽ እንኳ ቀበሌያችሁ ባለው የቁጠባና ብድር ማኅበር አስቀምጡ፤ እስከ ሐምሌ አይነካ። በጥር በግ ገዝቶ በክረምት መሸጥም ያው ቁጠባ ነው። በአንድ ዓመት አትወጡም። በመጀመሪያው ዓመት ብድሩን በግማሽ መቀነስ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰብሳቢው ጋር ግን ተጣልታችሁ አትለያዩ። ልጅ በሌሊት ሲታመም በሩ የሚንኳኳው የሱ ነው። አባትህ ይህን ያውቃል። ዝም የሚልህም ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ጀንፈሉ ልምጣ። ሦስት ኪሎ ገደማ እሸት ደርቆ አንድ ኪሎ ጀንፈል ይወጣዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የአንድ ኪሎ ጀንፈል ዋጋ የሦስት ኪሎ እሸት ዋጋና የድካማችሁን ካልበለጠ አታድርቁ። ድካሙን አትናቀው። ከሽቦ ወንፊትና ከባሕር ዛፍ እንጨት የማድረቂያ አልጋ ትሠራላችሁ። እሸቱን ውኃ ውስጥ ትከቱና የሚንሳፈፈውን ትለያላችሁ። ስስ አድርጋችሁ ትዘረጋላችሁ፤ ከተቆለለ ይሻግታል። በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ አለ። ፀሐይ ሲበረታ መሸፈን፣ ማታ መሸፈን፣ ዝናብ ሲያስገመግም መሮጥ። እንደ አየሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሁሉ የምትሠራው እናትህ ከሆነች፣ ብሩ ሲመጣ እሷም ትቁጠረው።

እኛ ቤት አንድ ዓመት ቡናው ደህና ደርቆ ነበር። አባቴ ሌባ ፈርቶ ወደ ጓዳ አስገባው። ጓዳ ውስጥ የኩራዝ ጋዝ ጀሪካን ነበር። ገዢው አንድ እፍኝ አሽትቶ መለሰው። ቡና ሽታ ይስባል፤ ጋዝ፣ ሳሙና፣ ማዳበሪያ አጠገቡ አይደር። አባቴ ያን ቀን ጆንያውን ተሸክሞ ሲመለስ ያየሁት ፊቱ አሁንም ይታየኛል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ዓመት ከእሸቱ ሲሶውን ብቻ ነበር የማደርቀው። የቀረው ይሸጥ፤ የለቃሚ ክፍያም ይሸፍናል።

ጥራት ድሮም ዋጋ ነበረው፤ አሁን ግን ወደ ማሳው እየቀረበ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲያልፍ በአካባቢና በደረጃ ይመደብ ስለነበር የማን እንደሆነ ይጠፋ ነበር። ከቡና ግብይት አዋጅ 1051/2009 ወዲህ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ መገናኘት ይችላሉ። የናንተን ቀበሌ ቡና በስሙ የሚፈልግ ገዢ አለ ማለት ነው። ለአንድ ጆንያ ግን ማንም አይመጣም። ከስድስት ሰባት ጎረቤት ጋር ስትሆኑ ነው ሰሚ የምታገኙት።

ማኅበሩን በተመለከተ አባትህ አልተሳሳተም። ማኅበር ሲረከብ የቀኑን ዋጋ ይከፍላል፤ የትርፍ ክፍፍሉ የሚመጣው ቡናው ተሽጦ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወራት ይወስዳል። እኔ ግን መዘግየቱን እንደ ቁጠባ ነው የማየው፤ ክረምት ላይ ከደረሰ የነሐሴን ብድር ይተካል። ከመግባታችሁ በፊት አባላቱን ጠይቁ፦ አምና ክፍፍል ስንት ነበር? በየትኛው ወር ተከፈለ? ሂሳቡ ተመርምሮ በጉባኤ ተነቧል? መልሱ «እንጃ» ከሆነ አትቸኩሉ። ከገባችሁ ደግሞ ደረሰኝ እንዳይጠፋ። ክፍፍሉ የሚሰላው ባስረከባችሁት ኪሎ ነው። በጎረቤት ስም ያስረከባችሁት ቡና ክፍፍሉም የጎረቤት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሰዎች መጥተው ማሳዬን በስልክ ለክተው ሄዱ። መሬቴን ሊወስዱብኝ ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከኮቸሬ

መልስ፦ እናቴ፣ ልክ ነዎት፤ ሳይነገርዎ ሲለካ ያስፈራል። ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. አንድ ሕግ አውጥቷል። ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም ይላል። የሚጀመርበት ቀን ቢራዘምም ላኪዎችና ዩኒየኖች (የገበሬ ማኅበራት ኅብረቶች) ከአሁኑ እየመዘገቡ ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ የሚፈለገው በስልክ የሚያዝ አንድ የቦታ ነጥብ ብቻ ነው። ያ ነጥብ ቡናው ከየት እንደመጣ ያሳያል እንጂ የይዞታ ማስረጃ አይደለም፤ መሬት አይሰጥም፣ አይወስድም።

እንደገና ሲመጡ ከማን እንደተላኩ ይጠይቁ። የመዘገቡትንም ወረቀት ላይ ያጽፏቸው። አንድ ነገር ግን ዛሬ ነገ አይበሉ። የይዞታ ደብተሩ ላይ ስምዎ መኖሩን ልጅዎ ያንብብልዎ። በሟች ስም ብቻ ከሆነ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስተካክሉ። ማሳው ሲመዘገብም በርስዎ ስም ይሁን፤ በአጎት ወይም በወንድም ስም አይደለም።