ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በብስክሌት ወደ ሰሜን ተራሮች፣ የት እንረፍ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ። ብስክሌት ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ። በጥር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት አዲስ ዘመን፣ ሁለተኛውን ጎንደር፣ ሦስተኛውን ደባርቅ፣ አራተኛውን ሳንቃበር ለማደር አስበናል። እኔ መሃል ላይ አንድ ቀን እንረፍ ብል «እኛ የከፍታ አገር ሰዎች፣ ምን ያደርገናል? ስንመለስ ጎንደር ላይ እናርፋለን» አሉኝ። አምና በመኪና ሳንቃበር ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ሲፈልጠኝ አደረ። መድኃኒት ይዤ ልሂድ? አንደኛው ጓደኛችን ደግሞ አስም አለበት።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ልክ ነዎት፣ እረፍቱ የግድ ነው። ቦታውም ደባርቅ ይሁን። ሲመለሱ ጎንደር ላይ ማረፍ እግርን ያሳርፋል እንጂ ከከፍታ ሕመም አያድንም።

ከአምናው ራስ ምታት ልጀምር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሳንቃበር 3,250 ገደማ። በአንድ ቀን 1,450 ሜትር ያህል ወጥተው እዚያው አደሩ ማለት ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ሳንቃበር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳር ከለመዱት በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ቶሎ የወጣ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ራሱን ሊያመው፣ ምግብ ሊያስጠላው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍ እምቢ ሊለው ይችላል። ጉልበት እዚህ ላይ ዋስትና አይሆንም። ጎበዝ ጋላቢም ይታመማል።

ጓደኞችዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። 1,800 ሜትር ላይ የኖረ ሰው ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሰው ይሻላል። እዚያው ሰሜን ተራሮች ላይ የሚኖሩት ደግሞ ለብዙ ትውልድ የለመዱ ናቸው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ነዋሪዎች ሲመረመሩ የሂሞግሎቢናቸው (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) መጠን በከፍታው ሳይጨምር እንደ ቆላ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ግን የእነሱ ሰውነት ነው። የእናንተ የለመደው የጣናን ዳር ነው።

ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽዎ ሳይታወቅዎት ይፈጥናል። ብዙ ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣና የደምዎ አሲድነት ይቀንሳል። ያኔ አንጎል «ትንፋሹን ቀንስ» ይላል፤ በተለይ ሌሊት። ኩላሊት ይህን የሚያስተካክለው የደምን አሲድነት የሚቀንሰውን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወጣ ነው፤ ሥራው ደግሞ ቀናት ይወስዳል። ለዚህ ነው ደባርቅ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ከአንድ የሚሻለው። ሌሊት ለሽንት ደጋግመው ቢነሱ አይደንግጡ፤ ሰውነት እየለመደ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የምታድሩበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር።

በእረፍቱ ቀን ተኝታችሁ አትዋሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ብስክሌቱን አቁሙና ለአንድ ሰዓት ያህል በእግር ወደ ላይ ወጣ በሉ፤ ተመልሳችሁ ደባርቅ እደሩ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት የበዛበት ስለሆነ የጡንቻ ስንቅ ተሟጧል። ድንች፣ ፓስታ፣ ሽሮ በደንብ ብሉ። በሶ ከመያዝ አትቦዝኑ፤ ምግብ ሲያስጠላም ይጠጣል። በማግስቱ ጠዋት ራሱን የሚያመው ካለ ወደ ሳንቃበር መውጣቱ ይቆይ። አንድ ቀን ትጨምራላችሁ፣ አለቀ።

ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሳሉ አረፋ የሚያወጣ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ሰው ካለ ግን ማታም ቢሆን በመኪና ወደ ታች ይወሰድ፤ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። ከተጠራጠራችሁ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ ቀጥ ብሎ ይራመድ። ከተንገዳገደ አትጠብቁ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ የሚያቀዘቅዘው ግን ቁልቁለቱ ነው። ላብ ያራሰው ከነቴራ ላይ ነፋስ ሲመታው ሙቀት በደቂቃዎች ይሄዳል፤ ጣት ይደነዝዝና ፍሬን መጨበጥ ያቅተዋል። ያ ኮረኮንች ላይ አደጋ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ቁሙ። እርጥቡን ከነቴራ አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ ጃኬትና ጓንት ደርቡ። ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢም አይቅር።

ሁለት ነገር አደራ። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ቆዳን ነው፤ የደም ሥርን ስለሚያሰፋ የውስጥ ሙቀት ያስወጣል፣ እንቅልፍ ላይም ትንፋሽን ያዳክማል። ከሰል ደግሞ ክፍልም ሆነ ድንኳን ውስጥ አስገብታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይገድላል። ራስ ምታቱ የከፍታ መስሎ ሰው ተኝቶ ይቀራል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ለመከላከል የሚታዘዘው አሴታዞላማይድ ነው፤ ለአዋቂ በአብዛኛው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ሽቅብ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። አምና ስለታመሙ ለእርስዎ ሊታሰብ ይችላል። በራስዎ ግን አይግዙ፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎት ለሐኪም ይንገሩ። ደባርቅ ላይ ቀን ከጨመራችሁ ላያስፈልግዎትም ይችላል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ማስታገሻ ውጦ ከፍታ መጨመር ግን አይሆንም።

አስም ያለበት ጓደኛዎ በደንብ ከተቆጣጠረው መሄድ ይችላል። ከፍታው ብቻውን ብዙ ጊዜ አስምን አያባብስም፤ የሚያስነሳው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር እንዲሁም አቧራው ነው። አፍና አፍንጫውን በስካርፍ ይሸፍን። ፓፍውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይነፋም። ባለፉት ሳምንታት ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰው ወይም ፓፉን ደጋግሞ ከተጠቀመ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሙ ይየው።