የገና አበባዎን ያስቸገረው የሳሎኑ መብራት ነው

ከደብረ ማርቆስ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «አምና ለገና በስጦታ የመጣልኝ ቀይ አበባ ቅጠሉ ሲረግፍ አልጣልኩትም። ክረምቱን ለምልሞ ሳሎኔን ሞላው፤ ዘንድሮ ግን ጥምቀት እስኪያልፍ አንድ ቀይ ቅጠል አላሳየኝም። አሁን ደግሞ ዘንድሮ ለገና የመጣልኝ ሌላው መራገፍ ጀመረ። መክኖ ይሆን?»

አልመከነም እናቴ። እንዲያውም ጤነኛ ነው፤ ችግሩ እርስዎ አብርተው ማምሸትዎ ነው።

ፖይንሴቲያ የሚባለው ይህ ተክል የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ይሁን እንጂ ዘመዱ ከአጥርዎ ላይ አይጠፋም፤ ቁልቋል ነው። ሲቆርጡት የሚወርደው ነጭ ወተትም የዚያው ዝምድና ምልክት ነው፤ ቆዳ ያሳክካልና እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን እንዳይነኩ። አበባ የምንለው ቀዩ ነገር ደግሞ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያሉት ቢጫ ፍሬ መሳይ ነገሮች ናቸው። ቅጠሉ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ጨለማው ከ12 ሰዓት በልጦ ለሳምንታት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። በእኛ አገር ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሌሊቱ ራሱ ይረዝማል፤ አጥር ጥግ የተተከለው ማንም ሳይነካው የሚቀላውም ለዚህ ነው። የሳሎኑ ግን አምፖሉና ቴሌቪዥኑ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሲበሩ ቀኑ ገና አልመሸለትም።

ባሕር ዳር በአንድ ሆቴል ግቢ ያየሁትን ልንገርዎ። ቁጥቋጦው በሰው ቁመት ልክ ነበር። ወደ በረንዳው መብራት የዞረው ግማሹ እንደ ጌሾ አረንጓዴ፣ ጀርባው እንደ በርበሬ ቀይ ሆኖ፣ መሐሉ በገመድ የተለካ ይመስላል። ባለቤቱ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሊያስረጨኝ ነበር የጠራኝ። አምፖሉን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርንለት፤ በዓመቱ ዙሪያውን ቀላ።

ስለዚህ የአምናውን ከመስከረም 25 ገደማ ጀምረው ከምሽቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት መብራት በማይገባበት ዕቃ ቤት ያሳድሩት፤ ወይም ትልቅ ካርቶን ይድፉበት። ቀን ቀን ግን መስኮት ዳር ብርሃን ይጥገብ። አንዳንድ ሰው «እስኪ ቀልቶ እንደሆነ» እያለ ማታ ማታ በስልክ መብራት ይጎበኘዋል። ይተውት። የደብረ ማርቆስ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድም አይስማማውምና ዕቃ ቤቱ ሁለት ጥቅም አለው።

የዘንድሮው መራገፉ የወጉ ነው፤ አያሳስብዎ። ብቻ ማሰሮውን የሸፈነው አብረቅራቂ ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ከሥሩ ውኃ አቁሮ ሥሩን የሚያበሰብሰው እሱ ነው። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሲያስገቡ ደረቅ ካልሆነ ውኃ አያጠጡ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ከአንጓ በላይ እየቆረጡ ስንዝር ያህል ያስቀሩት፤ በየቅርንጫፉ አራት ወይም አምስት አንጓ ይበቃል። ሲያቆጠቁጥ አፈሩን ይቀይሩለት። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ቀይ አፈር፣ የበሰለ ፍግና ጥቂት አሸዋ ይቀላቅሉ። ለበቆሎ ከተገዛው ዩሪያ ቆንጥሮ መጨመር የለመዱ አሉ፤ እኔ በማሰሮ ውስጥ አልደፍረውም፤ ሥር ያቃጥላል።

ክረምት ላይ ጫፍ ጫፉን ቢቀነጥቡት ይሰፋል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ግን መቀስ አይንካው፤ የሚቀላው ያ አዲሱ ጫፍ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ቅጠሎቹ ቀልተው መሐሉ ላይ ቢጫው ብቅ ካለ ካርቶኑን ያንሱት፤ ከዚያ ወዲያ ሳሎን አብርተው ቢያመሹበትም አይከፋውም።