ከኪሷ ከፍላ ድራግ ሬሲንግ (ሁለት መኪኖች በቀጥታ መንገድ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር) ለምትወዳደር ሴት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስፖንሰር የለኝም፣ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ነው የምወዳደረው። ያጠራቀምኩትን ቱርቦ ልግዛበት?

መልስ፦ አትግዢበት። ገንዘብሽ መግዛት ያለበት ጉልበት ሳይሆን የሩጫ ብዛት ነው። ባለሽ መኪና ብራኬት ውድድር ግቢ። እዚያ መኪናሽ ርቀቱን በስንት ሰከንድ እንደምትጨርስ አስቀድመሽ ታስመዘግቢያለሽ፤ ዘገምተኛው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ስለሚለቀቅ ባለ 15 ሰከንድ መኪና ባለ 10 ሰከንዱን ልታሸንፍ ትችላለች። ቱርቦ ከገባ ወጪው እሱ ላይ አይቆምም። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ሴሚያሱ ተራ በተራ ይሄዳሉ። በአሜሪካው የድራግ ሬሲንግ ማኅበር በኤንኤችአርኤ ደንብ ደግሞ በ402 ሜትር ሰዓትሽ ወደ 11.49 ሰከንድ ሲወርድ በአብዛኛው መኪና ላይ ሮል ባር (መኪናው ቢገለበጥ ነጂዋን የሚጠብቅ የብረት ቧንቧ) ግዴታ ነው፤ ወደ 9.99 ሲወርድ ሮል ኬጅ (ነጂዋን ዙሪያዋን የሚከብ የቧንቧ አጥር) እና የውድድር መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። አንዳንድ አዳዲስ የፋብሪካ መኪኖች የተለየ ወሰን አላቸው።

ጥያቄ፦ 12.50 አስመዝግቤ በ12.51 ገባሁ። ተጋጣሚዬ 11.20 ብሎ በ11.23 ገባ። ካስመዘገብነው ሰዓት ይበልጥ የቀረብኩት እኔ ሆኜ እንዴት ተሸነፍኩ?

መልስ፦ የመነሻ ሰዓታችሁን፣ ማለትም አረንጓዴው ከበራ በኋላ እስክትነሱ ያለፈውን፣ እዪ። አንቺ 0.090፣ እሱ 0.030 ከሆነ፣ ካስመዘገባችሁት ያለፈው ሲደመር ያንቺ 0.100፣ የእሱ 0.060 ነው። በ0.040 ሰከንድ፣ ማለትም በሁለት ሜትር ያህል ቀድሞሻል። አረንጓዴውን እየጠበቅሽ ይሆናል። ሦስቱ ቢጫ መብራቶች በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ፤ አረንጓዴው ከሦስተኛው ግማሽ ሰከንድ ቆይቶ ይመጣል። ሦስተኛው ቢጫ ብልጭ ሲል ልቀቂ፤ እግርሽ እስኪታዘዝና ጎማው መነሻው ላይ ካለው የሰዓት መቁጠሪያ ጨረር እስኪወጣ ያ ግማሽ ሰከንድ ያልቃል። ቀይ ከበራብሽ፣ ማለትም ቀድመሽ ከተነሳሽ፣ እግርሽን ለማዘግየት አትሞክሪ፣ ሁልጊዜ እኩል ማዘግየት አትችዪም። የመነሻውን የሞተር ዙር ቀንሺ፣ ወይም መነሻው ላይ መቆምሽን የሚያሳየው ሁለተኛው የመቆሚያ መብራት ገና ሲበራ እዚያው ቁሚ፤ ወደፊት ገፍተሽ አትግቢ።

ጥያቄ፦ እሳት መከላከያው ልብስ ዳሌዬ ላይ ይጠብቃል፣ ትከሻዬ ላይ ይሰፋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ቸል እንዳትዪው። ልብሱ የሚከላከለው በጨርቁ ብቻ ሳይሆን በውስጡ በሚይዘው አየር ጭምር ነው፤ የተጣበቀበት ቦታ ሙቀቱ ቶሎ ይደርሳል። ጃኬትና ሱሪው የተለያየውን ምረጪ፣ የላይና የታች ልኩን ለየብቻ ታገኛለሽ። ስትለኪው ተቀምጠሽ፣ እጅሽን መሪ ላይ ዘርግተሽ ይሁን፤ የእጅሽ አንጓ ከተገለጠ አጥሯል። የውድድር ደኅንነት ዕቃዎችን ደረጃ የሚያወጣው ኤስኤፍአይ 3.2ኤ/1 የሚለው ደረጃ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ 3 ሰከንድ ያህል ይሰጣል፣ 3.2ኤ/5 ደግሞ 10 ሰከንድ። ከስር ናይለንና ፖሊስተር አትልበሺ፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሽቦ ያለው ጡት መያዣም ይቅር። ጸጉርሽን ማጅራትሽ ላይ ዝቅ አድርገሽ ሥሪው፤ አናት ላይ የተጠቀለለ ጸጉር ሄልሜቱን ያነሣዋል።

ቀበቶውንም በዚያው አስተካክዪ። የወገቡ ማሰሪያ የዳሌ አጥንት ላይ እንጂ ሆድ ላይ መሆን የለበትም፤ መጀመሪያ እሱን አጥብቀሽ ከዚያ የትከሻውን ሳቢ። አጭር ከሆንሽ ትራስ አትደርቢ፤ በግጭት ጊዜ ትራሱ ይጨፈለቅና ቀበቶው ይላላል። በከረጢት ውስጥ ፈሶ የሚያብጥ ባለ ሁለት ፈሳሽ ፎም ወንበሩ ላይ አድርገሽ፣ ሙሉ ልብስሽን ለብሰሽ ተቀመጪበት፤ ሰውነትሽን ይዞ ይደርቃል። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ካልሆነ ፔዳሉ ላይ በቡሎን የሚታሰር ማራዘሚያ አስገቢ።

ጥያቄ፦ ለሴቶች የተለየ ምድብ አለ?

መልስ፦ የለም። ሸርሊ ማልዳውኒ በ1977፣ 1980 እና 1982 (እ.ኤ.አ.) ቶፕ ፊዩል በሚባለው በጣም ፈጣኑ ምድብ ሻምፒዮን የሆነችው ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ነው። ኤሪካ ኤንደርስም ፕሮ ስቶክ በሚባለው ሌላ ምድብ በ2014 የመጀመሪያ ሻምፒዮንነቷን ያገኘችው እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ብቻዬን ነኝ። በዙሮች መካከል ምን ላስቀድም?

መልስ፦ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) ማጥበቅ፣ ቀጥሎ የጎማ ንፋስ፣ ቀጥሎ ደብተር። የአየሩን ሙቀት፣ የጎማውን ንፋስ መጠን፣ ስትነሺ የነበረውን የሞተር ሙቀትና የመጀመሪያውን 18.3 ሜትር ሰዓት ጻፊ። እዚያ የጠፋ 0.1 ሰከንድ መጨረሻ ላይ ከ0.15 እስከ 0.2 ሆኖ ይወጣል። የ18 ሜትሩ ሰዓት ከዙር ዙር ሲዋዥቅ መጀመሪያ ጎማ የምታሞቂበትን መንገድ ጠርጥሪ፤ አንዴ ሁለት ሰከንድ፣ አንዴ አምስት ሰከንድ ካሽከረከርሽ መያዙ አንድ አይሆንም። ሞተሩን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሙቀት አስነሺ፤ ወረፋ ስትጠብቂ አጥፊው።

ጥያቄ፦ ስፖንሰር ስጠይቅ ምን ልበል?

መልስ፦ ከጥሬ ገንዘብ በፊት ዕቃ ጠይቂ፦ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ጎማ። በምትኩ የምትሰጪውን በቁጥር ጻፊ፣ ስንት ውድድር፣ መኪናው ላይ የት ቦታ፣ እስከ መቼ። ሌላ ስፖንሰር የሚከለክል ውል በጥቂት ዘይት አትፈርሚ። እጅሽ ያልገባ ገንዘብም በዓመቱ በጀትሽ ውስጥ አይግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ መጀመር ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች። የኤንኤችአርኤ ጁኒየር ሊግ (የልጆች ውድድር) ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። መኪናዋ የድራግስተር (ረጅምና ቀጭን የድራግ መኪና) ግማሽ ታክላለች፣ ርቀቱ ቢበዛ 201 ሜትር፣ በየዕድሜው የፍጥነት ገደብ አለው። ያገለገለ ከገዛሽ ቀበቶው ላይ የተጻፈውን ቀን እዪ፤ ሁለት ዓመት ካለፈው መቀየር አለበት፣ ሻጩ አዲስ ይመስላል ቢልሽም።