ከጥግ አልጋ ስላለመሸሽ

ወጣት ነርሶች ልጆቼ፣

ነርስ ከሆንኩ 31 ዓመት ሞላኝ፤ ዘንድሮ ጡረታ እወጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት፣ የካልቸር (በናሙና ላይ ተህዋስ የሚፈለግበት የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤታቸው የመጣ ዕለት፣ መድኃኒት የማይበግረው ተህዋስ ተገኝቶባቸው ወደ ጥግ አልጋ ስለሚዛወሩ ሕመምተኞች ጥቂት ልበላችሁ።

አንዲት ወጣት እናት ነበረች። የቃጠሎ ቁስሏ ላይ አሲኔቶባክተር የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ፤ ላቦራቶሪው ከሞከራቸው መድኃኒቶች የሚበግረው አንድ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ የእሷን ቁስል የምናጥበው ከሁሉም በኋላ ነበር። ይህ ደንብ ነው፤ ንጹሑ ይቀድማል፣ ያመረቀዘው ይከተላል። ነገር ግን ተራዋ እየመሸ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሹን እየተረሳ ሄደ። «ሲስተር፣ የምትሸሹት ቁስሌን ነው ወይስ እኔን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

እሷን ያን ያህል የፈራሁ እኔው፣ በዚያው ሳምንት ቁስሏን በነካሁበት ጓንት መጋረጃውን ሳብኩ፣ ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ፣ የጎረቤቷን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ) አስተካከልኩ። ጓንቱ እኔን ጠበቀኝ፤ ጎረቤቷን ማን ይጠብቃት? ይህ ተህዋስ በደረቅ የአልጋ ብረት ላይ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ጤነኛ እጅ ላይ ሲያርፍ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ስለዚህ ተሸካሚው ሳያውቅ ያዳርሰዋል።

ጓንት ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ይቀየር፤ በወለቀ ቁጥርም እጅ ይጽዳ። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። እጃችሁ ላይ ደም ወይም መግል ከታየ አልኮሉን ተዉትና ታጠቡ። ቧንቧው በደረቀ ቀን (መቼም ታውቁታላችሁ) እጃችሁን ባልዲ ውስጥ አትንከሩ፤ ለእንግዳ እንደምናስታጥበው አንዳችሁ ለሌላው በጆግ አፍስሱ።

አስታማሚዎችን አትቆጡ። የሚታጠቡበትን አሳዩአቸው፤ ሌላ ሕመምተኛ አልጋ ላይ እንዳይቀመጡም ንገሯቸው። ናሙና ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ ሲታዘዝ ደግሞ ሐኪሙን «ካልቸሩስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለወጣት ነርስ ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔ ለመድፈር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ያቺ እናት ያን ጥያቄ በጠየቀችኝ ማግስት ጋውኔን ለብሼ፣ ከሁሉም በፊት ወደ እሷ ሄድኩ፤ ምንም ሳልነካ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ ስለ ተህዋሱ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቤቴ ስገባ ልጄን ማቀፍ እችላለሁ?» አለች። ቁስሉ ከተሸፈነና እጅሽን ከታጠብሽ ትችያለሽ አልኳት። ሳምንቱን ሙሉ ልትጠይቀን የፈለገችው ይህን ኖሯል።