ትተሽው የመጣሽው ጨርቅ

ጥያቄ፦ «በሒሳብ አያያዝ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የባንክ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር እመዘገባለሁ፣ እፈተናለሁ፣ እጠብቃለሁ። በዚህ መሃል የዘመድ ሰርግ ማስዋብ ጀመርኩ፤ እስካሁን ሰባት ሠርቻለሁ። ያዩኝ ሁሉ ‹በትንሽ ብር እንዲህ ታሳምሪያለሽ› ይሉኛል። ለመጨረሻው ሰርግ 9,000 ብር ተቀብዬ አራት ቀን ከሠራሁ በኋላ የተረፈኝ 300 ብር ነው። ከወጪው 4,500 ብሩ የጨርቅ ነበር፤ ጨርቁንም ለቤተሰቡ ትቼ መጣሁ። አባቴ ‹ይህ ሥራ አይደለም፣ ዲግሪሽን አታባክኚ› ይለኛል። በእጄ ያለው 15,000 ብር ነው። በጥር የአክስቴን ልጅ በግቢያቸው ድንኳን ጥለው ይድሯታል፤ ለማስዋቢያ የያዙት 20,000 ብር ነው። ይህን ነገር ሙያ ላድርገው ወይስ ልተወው? ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያየሁት ሥራ በመጠበቅ የደከመች ተመራቂ ነበር። ቆይቶ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዘችኝ፦ «ጨርቁንም ለቤተሰቡ ትቼ መጣሁ»። የአባትሽም ጥርጣሬ፣ የአንቺም ጥያቄ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታየኛል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 300 ብር ለአራት ቀን ሲካፈል በቀን 75 ብር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ መሰላል ላይ ስትወጪ ስትወርጂ ለዋልሽው ይህ ደመወዝ ሊባል አይችልም። አሁን ጨርቁን አጥፈሽ ይዘሽ ተመልሰሽ ቢሆን ኖሮስ? 4,500 ብሩ የዚያ የአንድ ሰርግ ወጪ መሆኑ ይቀርና የአንቺ ንብረት ይሆናል። አሥራ አምስት ሰርግ ቢያገለግልሽ የእያንዳንዱ ሰርግ ድርሻ 300 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰርጉ እውነተኛ ወጪ 8,700 ሳይሆን 4,500 ብር፣ ትርፉም 4,500 ብር፣ የቀኑ ድርሻሽም 1,125 ብር በሆነ ነበር። ያን ዕለት በእጅሽ የሚገባው ጥሬ ብር ያው 300 መሆኑ እውነት ነው፤ ቀጣዩን ሰርግ ግን ሻንጣሽ ሙሉ ሆኖ ትጀምሪዋለሽ። ይህን የእርጅና ቅናሽ ብለሽ ተምረሽዋል። የተማርሽው ስለ ማሽንና ስለ መኪና ይሆናል፤ ለሳቲንና ለአቡጀዲም በዚያው ደንብ ይሠራል።

እንግዲህ አባትሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እስካሁን የሠራሽው በእርግጥም ሥራ አልነበረም፤ ስጦታ ነበር። ሰባት ቤተሰብ ስጦታሽን ተቀብሎ «በትንሽ ብር ታሳምሪያለሽ» ብሎ መርቆሻል። ነገር ግን የሰርጉ ርካሽነት የመጣው ከየት እንደሆነ ልብ በይ። ከፊሉ ከዓይንሽ መጥቷል፤ ይህ ችሎታ ነው፣ ተንከባከቢው። ከፊሉ ደግሞ ካልተከፈለሽ ጉልበትና ትተሽው ከመጣሽው ጨርቅ መጥቷል። ይህኛው እንዲቀር እፈልጋለሁ። ሙያ ልታደርጊው ከሆነ የዋጋው ማነስ በሙሉ ከዓይንሽ መምጣት አለበት።

ዓይንን ማስተማር ይቻላል። ከአንቺ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ትምህርት ቤት አለሽ። አንድ ቀን በጠዋት ተሳፍረሽ ሐረር ሂጂ፤ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል ገብተሽ የሐረሪን ባህላዊ ቤት ቁጭ ብለሽ እዪው። በከተማው ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ባህላዊ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተገዛ ነገር ብትፈልጊ ብዙ አታገኚም። የሴቶቹ እጅ የሰፋው ስፌት እህልና እንጀራ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ሳህኑ የሚበላበት ነው፤ ምንጣፉ የሚቀመጡበት ነው። ነደባው፣ ማለትም ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራው መደብ፣ መቀመጫም መድረክም ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹት ጉድጓዶች መደርደሪያ ናቸው። ቤቱን ያሳመረው ለዕቃው የተሰጠው ቦታና የቀለሙ ድግግሞሽ ነው። ስትመለሺ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ እለፊ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ቆመሽ ቁርጥራጭ ጨርቅ ምን እንደሚያደርጉበት ጠይቂ።

ከዚህ የምትወስጂው ትምህርት ለሰርግ እንዲህ ይሆናል፦ ከመግዛትሽ በፊት ቤቱ ውስጥ ያለውን ቁጠሪ። የሙሽራዋ አያት መሶብ፣ የጎረቤት ስጋጃ፣ የእድሩ ወንበርና ድንኳን፣ የቡና ረከቦት፣ በግቢው ያለው የእሬት ማሰሮ። እነዚህ በነጭ ጨርቅ ፊት በአንድ ሐሳብ ሲደረደሩ ከኪራይ ከሚመጣ የፕላስቲክ አበባ ይልቅ ያምራሉ፤ ደግሞም የቤተሰቡ ናቸው። እኔ በግሌ ሙሽሮቹን የማያውቅ ሰው የሠራው የሚመስል ሰርግ አልወድም።

ስለ ቀለም ብዙ አላበዛብሽም። በሙያው የታወቀ የ60፣ የ30 እና የ10 ድርሻ አለ፦ የአብዛኛው ስፍራ ቀለም አንድ፣ የሚደግፈው ሁለተኛ፣ ብልጭ የሚለው ሦስተኛ። 60ው ነጭ ወይም የዝሆን ጥርስ ቀለም ይሁን፤ እሱን ደጋግመሽ ትገለገይበታለሽ። ለእያንዳንዱ ሰርግ የምትቀይሪው 10ሩን ብቻ ነው። ሙሽራዋ ወይን ጠጅ ብትል ሪባንና የጠረጴዛ መሃል ጨርቅ ብቻ ይቀየራል። ትርፍሽ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጨርቅ ስትገዢ በግምት አትግዢ። ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚሰቀለው ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል። ጨርቁ ተሸብሽቦ እንዲወርድ የስፋቱን እጥፍ፣ 8 ሜትር ያስፈልገዋል። የጣቃው ወርድ 1.5 ሜትር ከሆነ ስድስት ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ለላይና ለታች ቅምቅማት 20 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት 3.2 ሜትር፤ በድምሩ 19.2 ሜትር። 20 ሜትር ብለሽ ትገዢያለሽ፤ ቀፊራ ገበያ ደርሰሽ «30 ይበቃኝ ይሆን» ማለት ይቀራል። አቡጀዲ ከሆነ ከመቁረጥሽ በፊት እጠቢው፤ ይሰበሰባል። ሳቲንም ይሁን አቡጀዲ እሳት ስለሚይዘው ሻማና የሚግል አምፖል አጠገቡ አታድርሺ።

በድሬዳዋ ትልቁ ባለጋራሽ ሙቀቱ ነው። ከተማዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሐረር ላይ ቀኑን የሚውል አበባ እዚህ እኩለ ቀን ሳይደርስ አንገቱን ይደፋል። በከዚራ ሰፈር አጥሮች ላይ የምታዪው ቡገንቪሊያ ነፃ ነው፣ ቀለሙም ልብ ይሰርቃል፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ቶሎ ይጠወልጋል። ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ቁረጪውና ለመግቢያው ብቻ ተጠቀሚበት። ለመድረኩ በማሰሮ የተተከሉ ተክሎችን ከችግኝ ሻጮች ተከራዪ፤ ዘንባባም ሙቀት ይችላል። ነፋሱንም አትርሺ። አንድ ሰርግ ላይ ቅስት ሆኖ የቆመው ብረት ኬክ ሊቆረጥ ሲል በሙሽሮቹ ጀርባ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው አልተጎዳም፤ የሙሽራዋ እናት ግን ቀኑን ሙሉ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከእግሩ ሥር የታሰሩ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ውሃ ቢሞሉ 40 ኪሎ ያህል ክብደት ይሆኑ ነበር፤ በጨርቅ ከተሸፈኑ ማንም አያያቸውም። የብረቱን እግር ሳታስሪ ከሰርግ ቤት እንዳትወጪ።

ገንዘቡን ሁሉም ቦታ እኩል አትበትኚው። ከሰርጉ በኋላ የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው፤ ካሜራው ደግሞ የሚመላለሰው በመግቢያው፣ በሙሽሮቹ መቀመጫና በኬኩ ዙሪያ ነው። ለእንግዶች ጠረጴዛ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ትንሽ ነገር በቂ ነው። መሃል ላይ የምታስቀምጪው ከ35 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ይተያዩ። መብራት ላይ ግን አትሰስቺ። ቢጫነት ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ተራ ጨርቅን ያከብረዋል፤ ነጭ የቢሮ መብራት ውድ ሳቲንን ያዋርደዋል። መብራት ቢጠፋ በባትሪ የሚሠራ ተጠባባቂም ያዢ።

ወደ 15,000 ብርሽ ልምጣ። የሙሽራ ዙፋን አትግዢበት። ትልልቅ ባለ ዲኮሮች አላቸው፤ ከእነሱ ትከራያለሽ። ነጭ ጨርቅ፣ ተፈትቶ የሚገጠም የብረት ቱቦ፣ የመብራት ገመድና የመሣሪያ ሳጥን ግዢ፤ 5,000ው ሳይነካ ይቀመጥ። ቀጣዩን ዕቃ በእቁብ ግዢው። ለማንኛውም ሥራ ግማሹን በቀብድ ሳትቀበይ ጨርቅ አትቁረጪ። ቃሉም በወረቀት ይሁን፦ ምን እንደምትሠሪ፣ መቼ እንደምታፈርሺ፣ የተቃጠለ ወይም የጠፋ ዕቃ በማን እንደሚተካ። ዘመድ ሲሆን ይህን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንድ ዘዴ ልንገርሽ፦ ሙሉውን ዋጋ ጻፊ፣ ከሥሩ «የእኔ ስጦታ» ብለሽ ቅናሹን ጻፊ፣ ከዚያ የሚከፈለውን። ስጦታሽ ስጦታ ሆኖ ይታያል፣ ሥራሽም ዋጋው ይታወቃል። ለሚቀጥለው ሰው የሚነገረውም ሙሉው ዋጋ ይሆናል።

የድሬዳዋ ሰው በመሆንሽ አንድ ትልቅ ነገር አለሽ። የኦርቶዶክስ ሰርግ ከጥር እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይጨናነቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ከዳግማይ ትንሣኤ ይቀጥላል። የሙስሊሙ ደግሞ ከረመዳን በፊትና በኋላ ይበዛል፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ሁለቱ ወቅቶች አንዳንዴ ይገጥማሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ። መልስና ቅልቅል፣ ኒካህና የሂና ምሽት የሚዘጋጁበት ከተማ ውስጥ ነሽ። ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ ግድግዳሽ ላይ ስቀዪ። ክፍተት በሚሆንባቸው ወራት ወደ ቤት ውስጥ ማስዋብ ዙሪ፦ የመጅሊስ ሽፋን መቀየር፣ መጋረጃውን ከመስኮቱ ጠርዝ ሳይሆን ከጣሪያው አጠገብ ሰቅሎ ዝቅ ያለ ሳሎንን ከፍ ማስመሰል፣ የተጨናነቀ ቤት ውስጥ ዕቃ መቀነስ። ለዚህ የሚያስፈልግሽ ዕቃ ጥቂት ነው፤ የምትሸጪው ዓይንሽን ነው።

የባንኩን ፈተና አታቋርጪ። እኔ የምልሽ ከጥር እስከ ፋሲካ ማግስት ያለውን አንድ ወቅት እንደ ሥራ ሥሪው፤ እያንዳንዷን የባጃጅ ሒሳብ፣ የረዳቶችሽን ክፍያ፣ የእጥበቱን ጭምር ጻፊ፤ የራስሽን የቀን ክፍያ ከሌሎቹ ወጪዎች በፊት አስቀምጪ። ካዋጣሽ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጪ፤ ብዙ አዳራሾችና መሥሪያ ቤቶች ያለ ደረሰኝ አያሠሩም። ካላዋጣሽም የሚነግርሽ መዝገቡ ነው። ለአባትሽም ያንኑ መዝገብ አሳዪያቸው። ዲግሪሽ ባክኖ እንደሆነ ገጹን ገልጠው ይፍረዱ።

የአክስትሽን ልጅ ሰርግ በተመለከተ፣ 20,000 ብሩ ይበቃል። ከላዩ 5,000 ብር የአንቺ የአራት ቀን ክፍያ ይነሳ። ለሁለት ረዳቶች 3,000፣ ለመጓጓዣ 1,500፣ ለተክል ኪራይ 2,000፣ ለመብራት 2,500፣ ለእጥበትና ለጥቃቅን ነገር 1,000 ብር ብትይዢ 5,000 ይቀራል። ከእሱ 2,000 ብሩ የአንቺ ጨርቅ ኪራይ ነው፤ የቀረው ለድንገተኛ ነገር ይቆይ። እነዚህን ቁጥሮች ያስቀመጥኩት አከፋፈሉን ለማሳየት ነው፤ በየገበያው ዞረሽ በዛሬ ዋጋ ተኪያቸው። በዚህ ሳምንት ሜትር ይዘሽ ወደ ግቢያቸው ሂጂ። የድንኳኑን ስፋትና ከፍታ ለኪ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚገባ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትመታ እዪ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ ጻፊ። ልኬቱን ላኪልኝና የጨርቁን ሜትር አብረን እናሰላዋለን። ከሰርጉ ማግስት ደግሞ የመጀመሪያው ሥራሽ ጨርቁን ቆጥረሽ፣ አጥፈሽ፣ ወደ ቤትሽ መመለስ ይሁን።