ፊደል ማተለቅ ርዕስ አይሆንም

ሰላም ወንድሜ። ማየት የተሳነው ተማሪህ ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መስጫ ሥርዓት) ላይ በጻፍከው ትምህርት ውስጥ ርዕሶቹን ለምን እንደማያገኛቸው ጠይቀሃል። ፊደሉን አተልቀህ አድምቀኸዋል፣ አይደል? ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ለስክሪን ሪደር፣ ግን ያው ተራ አንቀጽ ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር ተጠቃሚ «ኤች» ቁልፍን ሲጫን ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘላል። ያንተ ገጽ ላይ ግን መዝለያ ስለሌለው በየጊዜው ከላይ ጀምሮ ያዳምጣል። አድካሚ ነው! ጽሑፉን ምረጥና ከኤዲተሩ (ከመጻፊያው ሳጥን) ምርጫዎች ውስጥ የርዕስ ደረጃ ስጠው፤ በቃ።

ደግሞ የድሮ ኖቶችህን ተመልከታቸው። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ስክሪን ላይ «ሀ» ቢመስልም ከጀርባው ያለው ኮድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። ማሽኑ የሚያነበው እሱን ነው፤ ልጁ ጆሮ የሚደርሰው ዝባዝንኬ ብቻ። እነዚህን ወደ ዩኒኮድ ቀይራቸው።