በየቀኑ ማጠጣቱን ተወውና መጀመሪያ ቆፍረህ እይ

ወንድማለም፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ ጓሮ ያየሁ መሰለኝ። «መርዓዊ አካባቢ 30 ግንድ ወይን አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት በጎማ አጠጣለሁ፣ ግን ቀን ላይ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ሊበስል ሲል ደግሞ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ውሃ ልጨምር ወይ?» ነው ያልከው። አትጨምር። እኔም ከባሕር ዳር ብዙም ሳልርቅ ቀይ አፈር ላይ ነው ያለሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳንተው በየቀኑ ሳጠጣ ኖሬ ያተረፍኩት የፓምፕ ነዳጅ ወጪና የጎረቤት ሳቅ ነው።

ድጅኖ ያዝና ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብለህ እስከ ጉልበትህ ድረስ ቆፍር። እኔ ስቆፍር ላዩ አንድ ስንዝር ያህል ጭቃ ነው፣ ከሱ ሥር እንደ ሸክላ የደደረ አፈር፣ ከዚያ በታች ደረቅ ዱቄት። ሥሩ በሙሉ ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። መሬቱ ወይን ከመተከሉ በፊት ለዘመናት በቆሎና ዳጉሳ ሲዘራበት የኖረ ማሳ ነበር፤ ማረሻ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ጥልቀት ላይ ስለሚመላለስ ከሥሩ ያለው እየተጠቀጠቀ ይሄዳል፣ ውሃም ሥርም አያሳልፍም። ወይን እኮ ቦታ ካገኘ ሥሩን አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሰድ ተክል ነው። ግን ከላይ በየቀኑ እያጎረስከው ምን ብሎ ይወርዳል? ጭቃው ውስጥ አየር አጥቶ ይታፈናል፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ያቺ አንዲት ስንዝር አትበቃውም።

ግንቦት ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ትንሽ ካለሰለሰው በኋላ፣ የደደረውን በድጅኖ ሰበርኩና ፍግ አስገባሁበት። በእያንዳንዱ ግንድ በአንድ ወገን ብቻ ነው ታዲያ፤ ሌላውን ወገን ለከርሞ ተውኩት። ሁለቱንም ባንዴ ከነካህ ሥሩን ትጨርሰዋለህ።

ከዚያ አጠጣጤን ቀየርኩ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስታፈስ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደ ማለት ነው። የኔ ግንዶች እያንዳንዳቸው ሦስት ካሬ ሜትር ያህል ያጠላሉ፣ በበጋው ሙቀት በቀን እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ይጠጣሉ ብዬ ሳሰላው በሳምንት 60 ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን መጣልኝ። ያንን በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀስ እያልኩ፣ ዙሪያውን ነው የማጠጣው እንጂ ግንዱ ሥር አልደፋም። ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጠው፤ ዋልካ መሬት ከሆነ ያንተ ይለያል።

ቀኑንም ቢሆን በካላንደር አልቆርጥም። ሁለት ስንዝር ወርጄ አፈር እጨብጣለሁ። ተድቦልቡሎ እጄን ካራሰው አላጠጣም። ድብልብሉ በአውራ ጣት ስነካው ከተፈረካከሰ አጠጣለሁ። ጨርሶ አልጨበጥ ካለ ዘግይቻለሁ ማለት ነው። እዚያው መርዓዊ አጠገብ፣ ቆጋ የመስኖ ማሳ ላይ፣ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር የሞከሩት መሣሪያ አለ፣ ትቀብረዋለህ፣ ውሃው እዚያ ጥልቀት ሲደርስ ምልክቱ ብቅ ይላል። ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ካላገኘህ እጅህ አለልህ። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ጠምጣሚ ክርም እያት፤ ለምለምና ረጅም ከሆነች አልጠማውም፣ ደርቃ ከወደቀች ጠምቶታል።

ስንጥቁ የሚመጣው ፍሬውን አስርበህ ባንዴ ስታጠግበው ነው። ከማቆጥቆጥ ጀምሮ አበባው ፍሬ እስኪይዝ ድረስ አታስጠማው። ፍሬው አተር ካከለ በኋላ ትንሽ ቢጠማ አይጎዳውም። መለስለስና መቅላት ሲጀምር ደግሞ ውሃውን ቀንስ፣ ግን እንዳይዘበራረቅ። የጠርዙ መቃጠል የፖታሽየም እጥረትም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ውሃውን ካስተካከልክ በኋላ ታየዋለህ።

አሁን ወደ አየሩ ልምጣ። እኛ ጋ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ተዝርክርኮ ያልቃል። ድሮ መስከረም 20 ላይ ገርዤ ጥር መጨረሻ እለቅም ነበር። አሁን ዝናቡ ጥቅምትም ላይ እየተመለሰ አዲሱን ቀንበጥ በሻጋታ ስለሚፈጅብኝ ግረዛውን ወደ ጥቅምት አጋማሽ ገፍቼዋለሁ። የሚበስለው የካቲት ላይ ሆነ ማለት ነው፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ የመስኖ ተራውም ሲጠብ። ስለዚህ የክረምቱን ውሃ ታች ማስቀመጥ ግድ ነው። ትርፉ እንዲወጣ በየመደቡ መሐል እንደ ጤፍ ማሳው ፈሰስ አውጣለት፣ ቁልቁል እንዳይንደው ግን አግድም አድርገው።

መስከረም ሲያልቅ ጉዝጓዝ አልብሰው። እኔ የጤፍ ጭድ አድርጌ ምስጥ ጋበዝኩበት፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ማራቅ ነበረብኝ። በካናሪ ደሴቶች፣ ላንዛሮቴ በምትባለው፣ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች እየዘነበ ወይኑን የእሳተ ገሞራ ጠጠር አልብሰው እንደሚያበቅሉ አይቼ እኔም ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ሦስት ግንድ ላይ አፈሰስኩ። ሰው «ቤት ልትሠራ ነው?» ይለኝ ነበር። ግን ከሥሩ ያለው አፈር ከሌሎቹ ግንዶች አፈር በቀናት ዘግይቶ ነው የሚደርቀው፣ ምስጥም አይበላው። ዋጋው ነው ችግሩ።

አንድ ያላነሳኸው ነገር አለ። አጥርህ ላይ ባሕር ዛፍ አለ? የኔ ዳር ያሉት አራት ግንዶች ምንም ባደርግ አላድግ ብለው ነበር፣ ቦይ ቆፍሬ የጎረቤቴን ባሕር ዛፍ ሥር ስቆርጥ ነው ያገገሙት፤ ለዚያም መጀመሪያ ጎረቤቴን ቡና ጠርቼ ነው። የቆፈርከውን ጉድጓድ ፎቶ እዚሁ ለጥፈው፣ ባሕር ዛፍ ካለም ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ጻፍልኝ።